በዕጢው ውስጥ መገኘትና ዕጢውን ማምጣት፦ ቫይረሶችና የአንጎል ካንሰር

(በሐዋሳ ለሕዝብ ክፍት ሆኖ የቀረበ ትምህርታዊ ገለጻ፤ ከድምፅ ቅጂ ወደ ጽሑፍ የተገለበጠ)



ቫይረስ የአንጎል ካንሰር ያመጣል ወይ የሚለው ጥያቄ ሲነሣ አድማጭ የሚጠብቀው «አዎን» ወይም «አያመጣም» የሚል ቁርጥ ያለ ቃል ነው። እኔ ዛሬ ሁለቱንም እላለሁ። አንድ የአንጎል ካንሰር አለ፤ ቫይረሱ በስም ይታወቃል፣ የሚሄድበት መንገድ ይታወቃል፣ ዋናው መከላከያውም በጤና ጣቢያዎቻችን በነፃ ይሰጣል። ሌላ የአንጎል ካንሰር ደግሞ አለ፤ ከመጀመሪያው ይልቅ ብዙ የተወራለት፣ ነገር ግን ከሃያ ዓመት በላይ ከፈጀ ክርክር በኋላም የቫይረሱ ጥፋተኝነት ያልተረጋገጠበት። ሁለቱን አለመለየት ሐኪሙን ያሳስተዋል፤ ታማሚውንም አንድም ከንቱ ተስፋ አንድም ከንቱ ስጋት ላይ ይጥለዋል። የምጠቅሳቸው ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን ከወዲሁ ልግለጽ።

ቫይረስ በጠቅላላው ካንሰር ሊያስከትል መቻሉ ማከራከሩን ካቆመ ቆይቷል። ፔይተን ራውስ በ1911 የዶሮን ዕጢ ፈጭቶ፣ ሕዋስ በማያሳልፍ ማጣሪያ አጥልሎ፣ ፈሳሹን ለጤነኛ ዶሮ ሲወጋ ዕጢ እንደሚያበቅልባት አሳየ። የኖቤል ሽልማት የተሰጠው በ1966 ነው፤ ሃምሳ አምስት ዓመት ጠበቀ ማለት ነው። ዛሬ የማኅፀን በር ካንሰር ከሂዩማን ፓፒሎማ ቫይረስ፣ ከጉበት ካንሰርም ብዙው ከሄፓታይተስ ቢና ሲ እንደሚመጣ ማንኛውም የሁለተኛ ዓመት ተማሪ ያውቃል። በ2018 በዓለም ላይ ከተመዘገቡት አዳዲስ ካንሰሮች 13 በመቶ ያህሉ፣ ይኸውም 2.2 ሚሊዮን ገደማ፣ ከተላላፊ ተሕዋስያን የመነጩ እንደሆኑ ተገምቷል። ከእነዚህ ውስጥ ትልቁን ድርሻ የያዘው ቫይረስ ሳይሆን ሄሊኮባክተር ፓይሎሪ የተባለው የጨጓራ ባክቴሪያ መሆኑን በቅንፍ እንያዘው። በሀገራችንም ዕውቀቱ ወደ ክትባት ተለውጧል፤ የሄፓታይተስ ቢ ክትባት ከ2007 ጀምሮ ከሌሎች አራት ክትባቶች ጋር ተጣምሮ ለሕፃናት ይሰጣል፤ የፓፒሎማ ቫይረስ ክትባትም በ2018 መጨረሻ በ14 ዓመት ልጃገረዶች ተጀምሯል።

አንጎል ግን ለጥናት አስቸጋሪ ነው። የማኅፀን በር በዐይን ይታያል፣ ናሙናውም በደቂቃዎች ይወሰዳል። የአንጎል ዕጢ ናሙና የሚገኘው የራስ ቅል ተከፍቶ ነው። በኢትዮጵያ የአንጎልና የነርቭ ቀዶ ሕክምና ስፔሻሊስቶችን በሀገር ውስጥ ማሠልጠን የተጀመረው በ2006 በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ፣ ከኖርዌዩ የበርገን ዩኒቨርሲቲ ጋር በተደረገ ትብብር ነው። ከዚያ በፊት የነበሩት ሐኪሞች በጣት የሚቆጠሩ ነበሩ። ራስ ምታቱ የጠናበት፣ የሚጥል በሽታ በጎልማሳነቱ የጀመረው፣ ግማሽ አካሉ የሰነፈበት ሰው አብዛኛውን ጊዜ በጸበል ወይም በቤቱ ያለ ምርመራ ያልፍ ነበር። የአዲስ አበባው የካንሰር ምዝገባም የተቋቋመው በ2011 ነው። ስለዚህ «በእኛ ሀገር የአንጎል ካንሰር ጥቂት ነው» የሚለውን አባባል ስትሰሙ፣ ጥቂት የሆነው በሽታው ነው ወይስ ምርመራው ብላችሁ ጠይቁ።

አሁን ወደ ተረጋገጠው ልግባ። ታሪኩ የሚጀምረው ከጎረቤታችን ከኡጋንዳ ነው። አየርላንዳዊው የቀዶ ሕክምና ሐኪም ዴኒስ በርኪት በ1958 የሕፃናትን መንጋጋ የሚያሳብጥ ዕጢ ገልጾ ጻፈ። በኋላም ዕጢው በአፍሪካ የት የት እንደሚገኝ እየዞረ ሲያጠና ያልጠበቀውን ነገር አስተዋለ፤ በምሥራቅ አፍሪካ ከባሕር ወለል በላይ ወደ 1,500 ሜትር ገደማ ሲደርስ ዕጢው ይጠፋል። ይህ የወባ ድንበር ነው። ከተማችን ሐዋሳ የምትገኘው በ1,700 ሜትር አካባቢ በመሆኑ ከዚያ መስመር እምብዛም አትርቅም። በ1964 አንቶኒ ኤፕስታይን፣ በርት አቾንግና ኢቮን ባር ከዚሁ ዕጢ በተወሰዱ ሕዋሳት ውስጥ በኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ አዲስ ቫይረስ አዩ። ዛሬ ኤፕስታይን-ባር ቫይረስ የምንለው፣ ከሰው ካንሰር ጋር ተያይዞ የተገኘ የመጀመሪያው ቫይረስ ይህ ነው።

ከዚህ ታሪክ አንድ ነገር ያዙልኝ፤ ለቀሪው ንግግሬ ሁሉ ቁልፍ ነውና። ኤፕስታይን-ባር ቫይረስ በዓለም ላይ ከአዋቂዎች ከዘጠና በመቶ በላይ በሚሆኑት ውስጥ አለ። በምራቅ ይተላለፋል፤ እናት ለልጇ አላምጣ ስታጎርስ፣ ልጆች በአንድ ኩባያ ሲጠጡ። በዚህ አዳራሽ ካለነው ምናልባት ሁላችንም ይዘነዋል። ታዲያ ሁላችንን ያላሳመመው ለምንድን ነው? ብቻውን ስለማይበቃ ነው። በበርኪት ዕጢ ረዳቱ ወባ ነው፤ ደጋግሞ የሚመጣ ወባ ቫይረሱ የሚኖርባቸውን ቢ ሕዋሳት ዕረፍት ነሥቶ ሲያባዛቸው፣ በመባዛት ውስጥ የዘረመል ስሕተት ይፈጠራል። ቫይረሱ ረዳት ካላገኘ ግን ዕድሜ ልኩን ተኝቶ ይኖራል።

በአንጎል ውስጥ ረዳቱ ኤችአይቪ ነው። ቫይረሱ የተደበቀበት ቢ ሕዋስ ኤልኤምፒ-1 የተባለ ፕሮቲን ሊያወጣ ይችላል። ይህ ፕሮቲን በሕዋሱ ሽፋን ላይ ተቀምጦ፣ ሲዲ40 የተባለውን የሕዋሱን የራሱን መልእክት ተቀባይ ይመስላል። ልዩነቱ፣ ሲዲ40 መልእክት ሲመጣለት ብቻ ሲሠራ ኤልኤምፒ-1 ግን ማንም ሳያዝዘው ሌት ተቀን «ተባዛ፣ አትሙት» እያለ ይጮኻል። በጤነኛ ሰው ዘንድ እንዲህ ዓይነቱን ሕዋስ ቲ ሕዋሳት ፈጥነው ለይተው ይገድሉታል። ኤችአይቪ የሲዲ4 ሕዋሳትን ቁጥር በአንድ ማይክሮ ሊትር ደም ከ50 በታች ሲያወርደው ጥበቃው ይፈርሳል፤ ከሁሉ በፊት የሚፈርሰውም ቀድሞውኑ ጥበቃው በሳሳበት በአንጎል ነው። ውጤቱ ከአንጎል የሚነሣ ሊምፎማ ነው።

ማስረጃው ምን ያህል ጠንካራ ነው? በ1991 ላንሴት በተባለው መጽሔት የታተመ ጥናት ከኤድስ ታማሚዎች የተወሰዱ 21 የአንጎል ሊምፎማ ናሙናዎችን መረመረ፤ ቫይረሱ በ21ዱም ዕጢ ሕዋሳት ውስጥ ተገኘ። በዚህ ብቻ አላበቃም። የመከላከል አቅማቸው ባልተዳከመ ሰዎች ላይ የሚወጣው የአንጎል ሊምፎማ በማይክሮስኮፕ ሲታይ ተመሳሳይ ሆኖ ሳለ፣ በአብዛኛው ይህ ቫይረስ የለበትም። በ1996 የተቀናጀው የጸረ ኤችአይቪ ሕክምና ሲጀመር ደግሞ መድኃኒቱ በተዳረሰባቸው ሀገሮች የዚህ ሊምፎማ ቁጥር በፍጥነት አሽቆለቆለ። ረዳቱ ሲታሰር ካንሰሩም ቀረ። ለእኔ ከሦስቱ ይበልጥ የሚያሳምነኝ ይህ የመጨረሻው ነው፤ መንሥኤ ብለን የጠረጠርነውን ሰንሰለት አንድ ቦታ ላይ በጥሰነው ውጤቱ መቅረቱን አይተናልና።

በሀገራችን የጸረ ኤችአይቪ መድኃኒት በ2003 በክፍያ፣ በ2005 ደግሞ በነፃ መሰጠት ጀመረ። ያን ጊዜ የተነገረው ሞትን እንደሚያዘገይና ሳንባ ነቀርሳን እንደሚቀንስ ነበር። ካንሰር መከላከያ ብሎ የጠራው ሰው አላስታውስም፤ ነገር ግን ነው።

በዚሁ ላይ ጥቂት ልቆይ፤ ተመራቂ ተማሪዎች ነገ ተረኛ ሆናችሁ የምታገኙት ጉዳይ ነውና። ኤችአይቪ በደሙ ያለበት፣ መድኃኒት ያቋረጠ ሰው እየተንቀጠቀጠ ወይም አንድ ጎኑ ሰንፎ ይመጣል። በሲቲ ስካን ምስሉ ላይ ጠርዙ እንደ ቀለበት የሚያበራ እብጠት ይታያል። እጩዎቹ በዋናነት ሦስት ናቸው፦ ቶክሶፕላዝማ፣ የአንጎል ሳንባ ነቀርሳና ሊምፎማ። በእኛ ሀገር በብዛት የሚገኘው ቶክሶፕላዝማ ነው፤ ጥሬ ሥጋ በምንወድበትና ድመት በየቤቱ በሚዞርበት ሀገር ተሕዋሱን ያልያዘ ጎልማሳ ማግኘት ይከብዳል። ስለዚህ አስቀድሞ የቶክሶፕላዝማን መድኃኒት፣ እኛ ዘንድ በአመዛኙ ኮትሪሞክሳዞልን፣ መጀመር ትክክል ነው። ስሕተቱ የሚመጣው ከዚያ በኋላ ነው። ቶክሶፕላዝማ ከሆነ አብዛኛው ታማሚ በዐሥር እስከ ዐሥራ አራት ቀን ውስጥ መሻል ይጀምራል። ካልተሻለው ጥያቄው እንደገና መከፈት አለበት። ካርዱ ላይ «ቶክሶ» ተብሎ ስለተጻፈ ብቻ ሳምንታት ሲያልፉ፣ ሊምፎማው ያንን ጊዜ አይጠብቅም።

ሌላም ወጥመድ አለ። እብጠትን ለማስታገሥ የሚሰጠው ዴክሳሜታዞን ሊምፎማን ለጊዜው ያሟሽሸዋል። ታማሚው ሲሻለው የቶክሶፕላዝማው መድኃኒት የሠራ ይመስላል፤ በዚያ ላይ ናሙና ቢወሰድ የሞቱ ሕዋሳት ብቻ ሊገኙበት ይችላሉ። ሕይወትን የሚያሰጋ የአንጎል ግፊት ካለ መድኃኒቱ ይሰጥ፤ ከሌለ ግን በልማድ አይታዘዝ። ከጀርባ አጥንት ፈሳሽ መቅዳት አደጋ የማያስከትል ሲሆን፣ በፈሳሹ ውስጥ የኤፕስታይን-ባርን ዘረመል በፒሲአር መፈለግ ትልቅ ፍንጭ ይሰጣል። ሕክምናው የጸረ ኤችአይቪ መድኃኒትን፣ ከፍተኛ መጠን ያለው ሜቶትሬክሴትንና እንደ ሁኔታው የጨረር ሕክምናን ያካትታል። ጨረሩ በሀገሪቱ ለሁለት ዐሥርት ዓመታት ያህል በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ብቻ ይሰጥ እንደነበር ታውቃላችሁ፤ ከሐዋሳ ተነሥቶ ወረፋ መጠበቅ ምን ማለት እንደሆነ የምታውቁ ቤተሰቦችም እዚህ ትኖራላችሁ።

አሁን ወደ ሁለተኛው፣ ወዳልተረጋገጠው ልሻገር። ግሊዮብላስቶማ ከራሱ ከአንጎል ከሚነሡት የአዋቂዎች አደገኛ ዕጢዎች ሁሉ የሚበዛው ነው። በአሜሪካ በዓመት ከ100,000 ሰው ሦስት ያህሉ ይያዙበታል። ቀዶ ሕክምና፣ ጨረርና ኬሞቴራፒ ተደርጎለትም እንኳ ግማሾቹ ታማሚዎች ከአንድ ዓመት ከመንፈቅ አያልፉም። እንዲህ ላለ በሽታ «መንሥኤው ቫይረስ ነው፤ ለቫይረሱም መድኃኒት አለ» የሚል ዜና ቢመጣ ጆሮውን የማይሰጥ ማን ነው?

ዜናው የመጣው በ2002 ነው። ቻርልስ ኮብስ የተባለ የአንጎል ቀዶ ሐኪም ከባልደረቦቹ ጋር በመረመራቸው 27 የግሊዮማ ናሙናዎች ሁሉ የሳይቶሜጋሎ ቫይረስ ምልክት ማግኘቱን አስታወቀ። ከዚያ በኋላ ግማሹ ቤተ ሙከራ «እኛም አገኘን» ሲል ግማሹ «ፈልገን አጣነው» አለ። በ2013 ተመራማሪዎች በሺዎች የሚቆጠሩ የልዩ ልዩ ካንሰሮችን የዘረመል ንባብ ለቫይረስ ሲበረብሩ፣ በማኅፀን በር ካንሰር ፓፒሎማን፣ በጉበት ካንሰር ሄፓታይተስን እንደሚጠበቀው አገኙ፤ በግሊዮብላስቶማ ውስጥ ግን ሳይቶሜጋሎ ቫይረስ የለም አሉ። አገኘን የሚሉት ወገኖች መጠኑ እጅግ ጥቂት ስለሆነ የተለየ የአቀላለም ዘዴ ያስፈልጋል ይላሉ። ተቃዋሚዎቻቸው ደግሞ ያ ዘዴ ራሱ የሌለውን ያሳያል ይላሉ።

ቫይረሱ አለ እንበልና እንቀጥል። መገኘቱ ምን ያረጋግጣል? በአሞራ ገደል የዓሣ ገበያ ጠዋት የቆመ እንግዳ፣ ዓሣ በተከመረበት ሁሉ አባ ኮዳዎች ተሰብስበው ያያል። ዓሣ በሌለበት ወፎቹም የሉም። ጀልባዎቹን ያላየ ሰው «ዓሣውን ከሐይቁ ያወጡት አባ ኮዳዎቹ ናቸው» ቢል ከዐይኑ ጋር አልተጣላም፤ ግን ተሳስቷል። ሳይቶሜጋሎ ቫይረስም በነጭ የደም ሕዋሳት ውስጥ ተኝቶ የሚኖር ነው፤ እብጠትና ቁጣ ያለበት ሥጋ እነዚህን ሕዋሳት ይስባል፣ ቫይረሱንም ይቀሰቅሳል። ዕጢው ቫይረሱን ጠርቶት ሊሆን ይችላል።

አንዳንዶች በሌላ በኩል ይሞግታሉ፦ ይህ ቫይረስ በአፍሪካ ከሞላ ጎደል በሁሉም አዋቂ ውስጥ ስላለ መንሥኤ ሊሆን አይችልም ይላሉ። ይህ ሙግት ብቻውን ደካማ ነው። ኤፕስታይን-ባርም በሁሉም ውስጥ እያለ ካንሰር ያመጣል ብለናልና። የሚጠቅመው ጥያቄ ረዳቱ ማን ነው የሚለው ነው። ረዳቱ የመከላከል አቅም መዳከም ቢሆን ኖሮ፣ ሳይቶሜጋሎ ቫይረስ ዐይናቸውንና አንጀታቸውን እስኪያቆስል በሚባዛባቸው የኤድስ ታማሚዎች ዘንድ ግሊዮብላስቶማ ሊበዛ በተገባው ነበር። በሊምፎማና በካፖሲ ሳርኮማ የታየው ዓይነት ግልጽ ጭማሪ ግን አልታየም። ዘረመላቸው አስቀድሞ ለግሊዮማ በተዘጋጀ አይጦች ላይ የተደረገ ሙከራ የአይጥ ሳይቶሜጋሎ ቫይረስ ዕጢውን እንደሚያፋጥነው አሳይቷል። ማፋጠን ከማስጀመር ይለያል፤ ቢሆንም ልንንቀው አይገባም።

በጣም የተነገረለት ግን የስዊድኑ ጉዳይ ነው። በስቶክሆልም 42 ታማሚዎች በዕጣ ተከፍለው፣ ገሚሱ ቫልጋንሲክሎቪር የተባለውን ጸረ ቫይረስ፣ ገሚሱ ባዶ ክኒን ወሰዱ። በዕጢው መጠን ላይ ጉልህ ልዩነት አልታየም። በ2013 ግን ይኸው ቡድን መድኃኒቱን የወሰዱ ታማሚዎችን ካልወሰዱ ጋር አነጻጽሮ፣ ከሁለት ዓመት በኋላ 62 በመቶ በሕይወት ሲቆዩ ከሌሎቹ 18 በመቶ ብቻ ቆዩ ብሎ ጻፈ። ከስድስት ወር በላይ ሳያቋርጡ በወሰዱት ዘንድ ቁጥሩ ወደ 90 በመቶ ወጣ። ዓለም ተደነቀ። እስኪ እናንተ የስታቲስቲክስ ተማሪዎች አስቡት፦ «ከስድስት ወር በላይ መድኃኒት ወሰደ» ለመባል በመጀመሪያ ስድስት ወር መኖር ያስፈልጋል። በሦስተኛው ወር የሞተው ሰው ከዚህ ቡድን ሊገባ አይችልም። ቡድኑ ገና ሲቋቋም ደካሞቹ ተቀንሰዋል። በዚህ ላይ ብርቱ ሆኖ የታየው ታማሚ መድኃኒቱን የማግኘት ዕድሉ ሰፊ ነው። መልስ የሚገኘው ታማሚዎችን ከመነሻው በዕጣ ከሚመድብ፣ በቁጥርም ከፍ ካለ ሙከራ ነው። እስከዚያው፣ ቤቱን ወይም በሬውን ሸጦ ይህን መድኃኒት ከውጭ ለማስመጣት የሚያስብ ቤተሰብ ቢጠይቃችሁ፣ በቂ ማስረጃ የለውም ብላችሁ በግልጽ ንገሩት።

ቫይረስና ግሊዮማ የሚገናኙበት መንገድ ሁልጊዜ ለክፉ አይደለም። በ2016 የታተመ፣ ከ4,500 በላይ የግሊዮማ ታማሚዎችን ከሌሎች ሰዎች ጋር ያነጻጸረ ዓለም አቀፍ ጥናት፣ ኩፍኝ መሰል የሆነው ጉድፍ፣ በተለምዶ የውሃ ፈንጣጣ የምንለው፣ ይዟቸው የሚያውቁ ሰዎች በግሊዮማ የመያዝ ዕድላቸው በ21 በመቶ ያህል ያነሰ ሆኖ አግኝቷል። ምክንያቱ ገና አልተጨበጠም። በአሜሪካ ደግሞ የተዳከመና የተለወጠ የፖሊዮ ቫይረስ በቀጥታ ወደ ዕጢው ገብቶ በ61 ታማሚዎች ተሞክሯል፤ በ2018 በወጣው ውጤት 21 በመቶ ያህሉ ከሦስት ዓመት በኋላ በሕይወት ነበሩ። ጃፓን በ2021 የተለወጠ የሄርፒስ ቫይረስ ለአደገኛ ግሊዮማ እንዲሰጥ በቅድመ ሁኔታ ፈቅዳለች። ስለ ስዊድኑ ያነሣሁት ጥርጣሬ ግን እዚህም ይሠራል፤ የፖሊዮው ሙከራ በዕጣ የተመደበ ማነጻጸሪያ አልነበረውም።

ፖሊዮ ከተነሣ፣ ስለ ክትባቱ የሚናፈሰውን ልመልስ። ከ1955 እስከ 1963 በተሠሩ አንዳንድ የፖሊዮ ክትባቶች ውስጥ ኤስቪ40 የተባለ የዝንጀሮ ቫይረስ ገብቶ ነበር፤ ይህ እውነት ነው። ቫይረሱ ሃምስተር በተባለ የአይጥ ዘመድ አንጎል ውስጥ ዕጢ ያበቅላል፤ ይህም እውነት ነው። ነገር ግን ክትባቱን የወሰዱ ሚሊዮኖች ለዐሥርታት ሲከታተሏቸው የካንሰር ጭማሪ አልተገኘም፤ የዓለም አቀፉ የካንሰር ምርምር ኤጀንሲም ቫይረሱን በሰው ላይ ካንሰር አምጪ ብሎ ሊመድበው አልቻለም። የኢትዮጵያ የክትባት ፕሮግራም የተጀመረው በ1980 ነው። እናት ልጇን ከፖሊዮ ክትባት የምታስቀርበት ምክንያት እዚህ ውስጥ የለም።

ከታማሚ ቤተሰቦች ዘንድ ሁልጊዜ የሚነሣ ጥያቄም አለ፦ «ይተላለፋል ወይ?» ቫይረስ የሚለውን ቃል የሰማ ሰው ከታማሚው ጋር ከአንድ ገበታ መብላት ይፈራል፤ ልጆችንም ያርቃል። የአንጎል ካንሰር፣ ቫይረስ ያለበትም ሆነ የሌለበት፣ ከሰው ወደ ሰው አይተላለፍም። ኤፕስታይን-ባር የሚተላለፍ ቢሆንም፣ ከታማሚው ጋር ያሉት ከልጅነታቸው ጀምሮ ይዘውታል።

የምርምር ርእስ ለምትፈልጉ የድኅረ ምረቃ ተማሪዎች አንድ ሐሳብ ልተውላችሁ። በኢትዮጵያ ከአንጎል የተወሰዱ ናሙናዎች በሰም ተነክረው በፓቶሎጂ ክፍሎች ይቀመጣሉ፤ በአግባቡ ከተያዙ ከብዙ ዓመት በኋላም ይመረመራሉ። ኤፕስታይን-ባር በዕጢው ሕዋስ ውስጥ መኖር አለመኖሩን የሚያሳየው የአቀላለም ዘዴ የታወቀና የተፈተነ ነው። የሚጎድለው ብዙ ጊዜ ከናሙናው ጋር የሚሄደው ወረቀት ነው፦ የታማሚው የኤችአይቪ ሁኔታ፣ የሲዲ4 ቁጥሩ፣ ናሙናው ከመወሰዱ በፊት ዴክሳሜታዞን መውሰድ አለመውሰዱ። እነዚህ ሦስት መስመሮች በጥያቄ ቅጹ ላይ ከዛሬ ጀምሮ ቢሞሉ፣ ከአምስት ዓመት በኋላ በደቡብ ኢትዮጵያ ከአንጎል ሊምፎማዎች ስንቱ ከቫይረሱ ጋር እንደተያያዘ ከራሳችን ናሙና መናገር እንችላለን። አሁን ለጥያቄ ጊዜ አለን፤ ከኋላ ረድፍ እንጀምር።